“እንደገና ሩን አድርገው” ለምትሉኝ ሁሉ

ዛሬ የሆዴን ልናገር ነው። ረዘም ይላል፤ የቸኮለ ይለፈው።

ሰሞኑን አዲስ አበባ ካለ የሙያ ወዳጄ ጋር በስልክ ስናወራ “አንተ ደግሞ ሮቤ ቁጭ ብለህ ኦቶሜትድ ቴስት ትላለህ! መብራት ሲጠፋ በኩራዝ ልታስኬደው ነው?” ብሎ ሳቀብኝ። አብሬው ሳቅኩ። እውነት ለመናገር የመብራቱ ነገር ያስቃል፤ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው መልካ ዋከና እኮ ከእኛ ሩቅ አይደለም፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ወደ ባሌ የሚመጣ ሰው ብዙም ሳይርቀው ነው የሚያልፈው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ንዴቴ መጣ። ምክንያቱም የወዳጄ ቲም ቴስት ሲወድቅበት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። “እንደገና ሩን አድርገው” ይባላል። ይወድቃል። “እስቲ አንዴ ድገመው።” ሦስተኛው ላይ አረንጓዴ ሲሆን “በቃ አለፈ፣ ልቀቀው!” እነሱ ጋ መብራት አልጠፋም እኮ። ጀነሬተርም አላቸው። ታዲያ ቴስቱን ምን ጣለው?

የኔ ክርክር ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቴስታችሁን የሚጥለው መብራትም፣ ኔትወርክም፣ ቴስቱ ራሱም አይደለም። ቴስቱን ያስቀመጣችሁበት ዴስክቶፕ ነው። እሱን እስክታስተካክሉ ድረስ ቀዩን ማመን አትችሉም። ቀዩን የማያምን ሰው ደግሞ አረንጓዴውን በምን ሒሳብ ነው የሚያምነው?

ከሙያው ውጭ ላላችሁ ባጭሩ፦ ኦቶሜትድ ቴስት ማለት ሰው መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ማውዝ ያንቀሳቅሳል፣ ስም ይጽፋል፣ “አስቀምጥ” የሚለውን ይጫናል፣ ከዚያ የተቀመጠው እሱ ያስገባው መሆኑን አንብቦ ያረጋግጣል። ትናንት ይሠራ የነበረው ነገር ዛሬ ስለተነካካ አለመበላሸቱን ለማወቅ ነው። ለድረ ገጽ ሲሆን ነገሩ ቀለል ይላል፤ ክሮም ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ መስኮት ሳይከፍት ይሠራል፣ ስክሪን አይፈልግም። እኛ አገር ግን ሥራ የሚሠራበት ሶፍትዌር ሁሉ ድረ ገጽ አይደለም። መጋዘን ውስጥ፣ ፋርማሲ ውስጥ፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ያለው ገና ዊንዶውስ ላይ የሚጫን፣ ኢንተርኔት ቢሄድም ሥራው የማይቆም ፕሮግራም ነው። እሱን ለመሞከር እውነተኛ ዴስክቶፕ ያስፈልጋል፤ የተከፈተ ስክሪን፣ የሚታይ መስኮት፣ ኪቦርድ።

እንግዲህ ያ ሰው መሳይ ፕሮግራም የሚቀመጥበት ወንበር ይፈልጋል። እኛ ምን እናደርጋለን? የሰው ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን! ቢሮ ውስጥ “ትርፍ” የተባለ ላፕቶፕ ይፈለጋል። ጠዋት አንዱ ኢሜይል ያይበታል፣ ከሰዓት ሌላው ፊልም ይገለብጥበታል፣ ማታ ቴስት ይሮጥበታል። ከዚያ ጠዋት ሪፖርቱ ቀይ ሲሆን ስብሰባ ይጠራል።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቴስቱ መግቢያ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ለመጻፍ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫናል። ከሰዓት በላፕቶፑ ሲጠቀም የነበረው ልጅ ግን የአማርኛ ኪቦርዱን ሳያጠፋ ነው የወጣው። ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈው፣ በግዕዝ ፊደል፣ አምሮበት፣ “አድሚን”። ሲስተሙ “የመግቢያ ስም ተሳስቷል” አለና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተራ በተራ ወደቀ። ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ የሲስተሙን ኮድ ሲመረምር ዋለ። ሌላ ቀን ደግሞ ቴስቱ “አስቀምጥ”ን ሊጫን ሲል ከታች በቀኝ በኩል የቴሌግራም መልእክት ብቅ ብሎ ቁልፉን ሸፈነው። ቴስቱ ተጫነ፤ የተጫነው ግን ቴሌግራሙን ነው። የማላውቀው ሰው የሠርግ ጥሪ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ አደረ።

ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ሁሉን ነገር ወደ 125 ወይም 150 በመቶ አሳድጎ ነው የሚያሳየው፤ በ100 በመቶ የተለካ የክሊክ ቦታ እዚያ ሲሄድ ባዶ ሜዳ ላይ ያርፋል። ሪሞት ዴስክቶፑ ደግሞ ብዙ ሰው ያሳበደ ነው። ከቤታችሁ ሆናችሁ ትገባላችሁ፣ ቴስቱን ታስነሳላችሁ፣ ሲሮጥ ታያላችሁ፣ ደስ ብሏችሁ መስኮቱን ዘግታችሁ ትተኛላችሁ። ግንኙነቱን ስትዘጉት ግን እዚያ ማሽን ላይ ያለው ስክሪን ይቆለፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚታይ መስኮት የለም፣ የሚንቀሳቀስ ማውዝ የለም። ስታዩት ይሠራል፣ ዞር ስትሉ ይወድቃል። “ጂኒ አለበት” ያለ ሰው አውቃለሁ፣ እየቀለደ እንዳልነበረም እጠረጥራለሁ። ሌላው ደግሞ “እኔ ነቄ ነኝ” ብሎ ቴስቱን ሰርቪስ አድርጎ ይጭነዋል። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ሰርቪሶችን ከተጠቃሚው ስክሪን ነጥሎ በሌላ ክፍል ነው የሚያኖራቸው። ጓዳ ተቆልፎበት ያለ ሰው የሳሎኑን መጋረጃ ግለጥ እንደማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ መብራት የጣለው አለ? እንዲያውም መብራት ሲገባበት እንኳ መንገዱ ሌላ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞርና ኃይል ልቆጥብ ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቴስቱ በ5 ሴኮንድ የሚጠብቀው መስኮት በ9 ሴኮንድ ይከፈታል፣ ቀይ። እሱም የሴቲንግ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ንዴቴ ልግባ።

ስሙን የማልጠራው ድርጅት ውስጥ ስሠራ እህል የሚረከቡ መጋዘኖች የሚጠቀሙበትን ፕሮግራም እንሞክር ነበር። ባሌ የስንዴ አገር ነው። ከሲናና፣ ከአጋርፋ፣ ከጋሰራ ገበሬው እህሉን ጭኖ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ስሙ ከዝርዝሩ ይፈለጋል፣ ኪሎው ስሙ ላይ ይገባል፣ በዚያ ይከፈለዋል። ስሙ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። ቁቤ የምታውቁ ሁዳን ታውቃላችሁ፤ ድምፁን በመሀል ቆረጥ የምታደርገው ትንሿ ጭረት። “ቡኣ” ብለን ትርፍ፣ “ሀርአ” ብለን ዛሬ ስንጽፍ የምትገባው እሷ ናት። ጌጥ አይደለችም፣ ፊደል ናት።

ይህችን ጭረት ኪቦርዱ ላይ ስትጫኗት ቀጥ ብላ ትወጣለች። ወርድ ላይ ስትጽፏት ግን ወርድ የረዳችሁ መስሎት ጎንበስ ያለች የጥቅስ ምልክት ያደርጋታል። ለዓይን ያው ናቸው። ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ በአንዷ የተመዘገበን ስም በሌላዋ ብትፈልጉት “አልተገኘም” ይላችኋል።

ቴስታችን ከስም ዝርዝር ውስጥ በዘፈቀደ አንድ ስም ያነሳል። ለምዝገባው ስሙን ከዝርዝሩ ገልብጦ ይለጥፈዋል፤ ለፍለጋው ግን እንደ መጋዘን ጸሐፊ በኪቦርድ ይጽፈዋል። ዝርዝሩ ከወርድ የመጣ ነበር፤ ጥቂት ስሞች ላይ ጎንበስ ያለችው ጭረት አለች። እነዚያ ስሞች በወጡበት ቀን ቴስቱ ይወድቃል። መውደቁ ትክክል ነበር እኮ! ሥራውን ነው የሠራው። “ይሄ ፕሮግራም ሰው ያጠፋል” እያለ ነበር።

ያ ላፕቶፕ ግን የሰው ላፕቶፕ ነበር። ሰው እየሠራበት አንድ ነገር ኮፒ ሲያደርግ፣ ቴስቱ ሊለጥፍ ያዘጋጀው ስም ተቀይሮ የሆነ የኢሜይል ዓረፍተ ነገር የስም ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ቀይ። ይሄ በየሳምንቱ ያጋጥም ነበር። ስለዚህ ቀይ ሲመጣ የሁላችንም መልስ አንድ ነበር፤ “ክሊፕቦርዱ ነው፣ እንደገና ሩን አድርገው።” እንደገና ሲሮጥ በዘፈቀደ ሌላ ስም ይወጣል፣ ጭረት የሌለበት፤ አረንጓዴ። ሁላችንም ስል እኔንም ጨምሩ። ብዬዋለሁ። ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ።

ፕሮግራሙ ተለቀቀ። አጨዳው ደርሶ አንዱ መጋዘን የቆየ የአባላት ዝርዝሩን ከወርድ አስገባ። ገበሬው መጣ፣ ጸሐፊዋ ስሙን ጻፈች፣ “አልተገኘም”። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ምን ታድርግ፣ አዲስ አባል አድርጋ መዘገበችው። ኪሎው አዲሱ ስም ላይ ገባ፤ ክፍያው የሚወጣው ከድሮው ስም ነው፤ እዚያ ላይ ዜሮ።

እኔ የአካባቢው ልጅ ስለሆንኩ “ሄደህ እይ” ተባልኩ። አንድ አባት ለሦስተኛ ጊዜ ተመላልሰው አገኘኋቸው። “ኦቦ፣ ትንሽ ይታገሱን፣ ሲስተሙ ነው” አልኳቸው። እሳቸውም ረጋ ብለው “ስንዴውን አይታችሁታል፣ መዝናችሁታል። እኔንም ይኸው ታዩኛላችሁ። ታዲያ የጠፋው ምንድን ነው?” አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። የጠፋው ጎንበስ ያለች ጭረት ነው አይባል! ገንዘባቸው በኋላ ወጣ፤ በእጅ፣ በወረቀት፣ ሁለቱን ስም አገናኝተን። ማታ ወደ ኋላ ተመልሼ የቴስት ሪፖርቶቹን ሳገላብጥ ግን ያው ቀይ እዚያው ቁጭ ብሏል፤ ከመለቀቁ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ። በየጊዜው ነግሮናል። በየጊዜው “ሩን አድርገው” ብለነዋል።

ይሄን ስናገር የሚመጣብኝ የታወቀ መልስ አለ፦ “ወላዋይ ቴስት ጉግል ጋም አለ።” አዎ አለ። ጉግል ራሱ በፈረንጆቹ 2016 አውጥቶታል፤ ከቴስቶቻቸው 16 በመቶ የሚጠጋው የሆነ መጠን መወላወል አለበት፣ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ከተቀየሩት ውስጥ ደግሞ 84 በመቶው ላይ የወላዋይ ቴስት እጅ አለበት። ግን አስተውሉ፤ ይሄን ማለት የቻሉት ስለቆጠሩት ነው። የትኛው ቴስት ስንት ጊዜ እንደወላወለ ያውቃሉ፣ የባሰበትን ከመንገድ ያወጡታል፣ ባለቤቱ እንዲያስተካክል ይነገረዋል። እናንተ ቆጥራችኋል? ሦስተኛው ላይ አረንጓዴ ሲሆን ሁለቱ ቀዮች የት ነው የተጻፉት? የትም።

ሌላው መልስ “መጠበቂያ ጨምርበት” ነው። 5 ሴኮንዱ 10 ይሆናል፣ 10ሩ 30። መስኮቱ እስኪከፈት ተመልክቶ መጠበቅ እያለ፣ ዝም ብሎ ሰዓት መጨመር መፍትሔ አይደለም። አንድ የማውቀው ቴስት አብዛኛውን ዕድሜውን ምንም ሳያደርግ ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። ቴሌግራሙ ግን 30 ሴኮንድም ብትጠብቁት ብቅ ይላል።

ሦስተኛው መልስ “ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የለንም” ነው። እስቲ እኔ ሮቤ ላይ ያለኝን ልንገራችሁና ፍረዱ።

አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለኝ። ማንም አይሠራበትም፣ እኔም አልሠራበትም። እሱ ላይ ቨርቹዋልቦክስ አለ፤ ነፃ ነው። በውስጡ ንጹሕ ዊንዶውስ የተጫነበት ቨርቹዋል ማሽን አለ። ሲነሳ ለቴስቱ ብቻ በተከፈተ ተጠቃሚ ራሱ ይገባል፣ ቴስቱን የሚያስነሳው ፕሮግራም በዚያው በተከፈተው ስክሪን ላይ ይጀምራል እንጂ ሰርቪስ አይደለም። ስክሪኑ 1920 በ1080፣ መጠኑ 100 በመቶ፤ አይቀያየርም። መቆለፍ የለም፣ መተኛት የለም፣ ስክሪን ሴቨር የለም፣ ኖቲፊኬሽን የለም፣ ቴሌግራም የሚባል ነገር ደጁንም አልረገጠ። ኪቦርዱ አንድ ነው፤ አማርኛ ማስገባት ሲያስፈልግ ቴስቱ ራሱ ይቀይራል፣ መቀየሩን አረጋግጦ ይጽፋል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። አፕዴት የሚገባው እኔ በመረጥኩት ቀን ብቻ ነው። (ራሱ የሚገባ ማሽን ስለሆነ እውነተኛ የሰው መረጃ በፍጹም አይቀመጥበትም። ይሄን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።)

ይሄን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ ስናፕሾት አነሳሁ። እያንዳንዱ ሩጫ የሚጀምረው ወደዚያ ስናፕሾት በመመለስ ነው። ትናንት የቀረ ፋይል፣ የተከፈተ መስኮት፣ የተረሳ ሴቲንግ የሚባል የለም፤ ሁልጊዜ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ቴስቱ በዘፈቀደ ስም ካነሳ የትኛውን እንዳነሳ ሪፖርቱ ላይ ይጽፋል፤ ሲወድቅ የስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፤ እንደገና ሲሮጥ ያንኑ ስም ነው የሚያነሳው። ያኔ ይሄ ቢኖረን ጭረቷን በመጀመሪያው ሳምንት እናገኛት ነበር።

መብራቱስ? ኮምፒውተሩ ላይ ዩፒኤስ አለ፤ ሥርዓት ይዞ እስኪዘጋ የሚበቃ ነው፣ ከዚያ በላይ አልጠይቀውም። ዋናው ነገር ሌላ ነው። መብራት ያቋረጠው ሩጫ ሪፖርቱ ላይ “ወደቀ” ተብሎ አይጻፍም፣ “ተቋረጠ” ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ቀለሙም ግራጫ ነው። መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። “እንደገና ሩን አድርገው” የምለው ለግራጫው ብቻ ነው። ቀይ ከሆነ ሰው ይነሳና ያየዋል።

ሊኑክስ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ኤክስቪኤፍቢ የሚባል አለ፤ ሞኒተር በሌለበት ማሽን ላይ ስክሪን በሜሞሪ ውስጥ ይፈጥርላችኋል። እዚያ ላይ የሚመታችሁ ፎንት ነው። ባዶ ሰርቨር ላይ የግዕዝ ፎንት ስለማይኖር “ሮቤ” የሚለው ሁለት ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ ቴስቱ ጽሑፉን ከውስጥ ስለሚያነብ ግን አረንጓዴ ይላችኋል፣ የሚታተመው ደረሰኝ ሳጥን ብቻ ሆኖ ሳለ። ኖቶ ወይም አቢሲኒካን ጫኑና የስክሪን ፎቶውን በዓይናችሁ እዩ። ዊንዶውስ ላይም ቢሆን ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ለብቻው የሚጨመር ሆኗል፤ እናንተ ማሽን ላይ ስላለ ደንበኛው ጋ አለ ማለት አይደለም።

ስለ ቀን ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እኛ ጋ አንድ ሰው መስከረም ብሎ ዓመቱን ይጀምራል፣ የባንክ ወረቀቱ ሴፕቴምበር ይላል፣ ጎረቤቱ ድሬ ሼክ ሁሴን ለዚያራ የሚሄድበትን ቀን የሚቆጥረው በሒጅራ ነው። ሦስቱም አንድ ቢሮ ውስጥ ይመጣሉ። የማይክሮሶፍት ዶትኔት ደግሞ የኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚባል አብሮት አይመጣም፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ቲም መቀየሪያውን ራሱ ይጽፋል፣ ወይም ከሆነ ቦታ ይገለብጣል። በ2015 መጨረሻ ጳጉሜ 6 ነበረች። ፕሮግራማችሁ እሷን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስሞክር የቨርቹዋል ማሽኑን ሰዓት ወደ ጳጉሜ 6 እወስደዋለሁ፣ ከደቂቃ በኋላ ራሱ ወደ ዛሬ ይመለሳል፣ ቴስቱ ያልፋል! ለካ ቨርቹዋልቦክስ እንግዳውን ማሽን ከዋናው ኮምፒውተር ሰዓት ጋር እያስተካከለው ነው። ጳጉሜን ሞከርኩ ብዬ ሐምሌን ስሞክር ነበር። ያንን ማመሳሰል አጥፉት። አገልግሎቱ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ጠላት ነው። የሚቀጥለው ጳጉሜ 6 በ2019 መጨረሻ ነው፤ ያን ቀን ደመወዝ የሚሠራ ፕሮግራም ያላችሁ ከአሁኑ ሞክሩት።

ገንዘብ ላላችሁኝ እንግዲህ ደምሩት፤ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ አንድ ዩፒኤስ፣ ሁለት ቀን ሥራ። ሁለት ሰው ግማሽ ቀን “አድሚን”ን ሲፈልግ የዋለበት ደመወዝ ስንት ነው? የሠልጣኝ ብዛት በሚሊዮን ሲቆጠር እሰማለሁ፣ ደስም ይለኛል፤ ግን ለቴስት የተለየች አንዲት ማሽን ያለው ቢሮ ብትፈልጉ በጣት የምትቆጥሩት ይመስለኛል። ኮድ የሚጽፈው በዝቶ የተጻፈውን የሚያምንበት መንገድ ከሌለው፣ ጭረቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጋዘኑ በር ላይ አይቻለሁ።

ሴቲንጎቹን በሙሉ አንድ ፋይል ላይ ጽፌያቸዋለሁ፣ ማሽኑን ከባዶ የሚያዘጋጀው ስክሪፕትም አለ። ዊንዶውሱ በየራሳችሁ ላይሰንስ። በኢንተርኔት አልልክም፣ ብዙ ጊጋ ነው፣ ካርዴን ይበላዋል። ሮቤም ጎባም ያላችሁ ዲስክ ይዛችሁ ኑ። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ልጆች ደግሞ ለመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ከፈለጋችሁ አብረን ቁጭ ብለን እንሠራዋለን፣ አንድ ከሰዓት ይበቃል።

አንተ የሳቅክብኝ ወዳጄም ና። አውሮፕላን አለ፣ ቡናው በኔ። ዲስክህን ግን ባዶ አድርገህ አምጣው፤ የቢሮ ሰው የገለበጠበትን ፊልም እኔ ቁጭ ብዬ አላጠፋልህም።